ራውተር አይዲ በእጅ ነው የሚሰጠው፦ ከጅማ መርካቶ እስከ አጋሮ

አንድ የቡና ነጋዴ እንውሰድ። ቢሮው ጅማ መርካቶ ነው፤ መጋዘኑ አጂፕ። አጋሮ ደግሞ ቅርንጫፍ አለው፣ ከከተማው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ። ሦስቱም ቦታ ኡቡንቱ የተጫነበት ያገለገለ ኮምፒውተር እንደ ራውተር ቁጭ ብሏል። ኮምፒውተርን ራውተር የሚያደርገው ሶፍትዌር፣ ኤፍአርአር፣ ተጭኖበታል፤ ራውተሮቹ መንገድ በሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል፣ በኦኤስፒኤፍ፣ ይነጋገራሉ። አጂፕም አጋሮም የተገናኙት ከመርካቶ ጋር ብቻ ነው። ኔትወርኩ ይሠራል። ግን አንዳቸውም ላይ ራውተር አይዲ፣ ማለትም የራውተሩን መለያ ቁጥር፣ የጻፈ ሰው የለም። ሶፍትዌሩ ለራሱ መርጦ ነው እየሠራ ያለው።

እንዲህ ያለ ኔትወርክ እስከሚበላሽ ድረስ ጤነኛ ይመስላል። ሲበላሽ ደግሞ ምክንያቱ ቶሎ አይገኝም። አይዲውን በእጅ መስጠት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ እንጨርሰው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የምትተይቧቸው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ራውተር አይዲ 32 ቢት ቁጥር ነው። እንደ አይፒ አድራሻ በነጥብ ተከፋፍሎ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 10.255.0.1። ግን አድራሻ አይደለም። ፓኬት አይላክበትም። የትኛውም ኢንተርፌስ (የማሽኑ የኔትወርክ መገናኛ) ላይ የሌለ ቁጥር ብትሰጡትም ኦኤስፒኤፍ ቅር አይለውም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ኔትወርክ ውስጥ ሌላ ራውተር ያንኑ ቁጥር እንዳይዝ። 0.0.0.0 ደግሞ አይሆንም። መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ በቀለም እንደሚጻፍ ምልክት አስቡት። ምልክቱ ስለ ቡናው ጣዕም ምንም አይናገርም። ሁለት ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ምልክት ከተጠቀሙ ግን ጭነት ሲወጣ ጠብ አለ።

ለአይፒ ስሪት 6 የሚያገለግለው ኦኤስፒኤፍ ስሪት 3 እንኳ አይዲው ያው 32 ቢት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ራውተሩ ምንም የስሪት 4 አድራሻ ከሌለው ሶፍትዌሩ የሚመርጠው ነገር ያጣል። በእጅ ካልሰጣችሁት ጉርብትና፣ ማለትም ከሌላ ራውተር ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት ግንኙነት፣ አይመሠርትም።

ሶፍትዌሩ ራሱ ሲመርጥ

ኤፍአርአር ውስጥ አድራሻዎችንና ኢንተርፌሶችን የሚከታተለው ክፍል ዜብራ ይባላል። ስሙ የመጣው ከጥንቱ ዜብራ ሶፍትዌር ነው፤ ኳጋ ከዜብራ ወጣ፣ ኤፍአርአር ደግሞ ከኳጋ። ዜብራ አይዲ ካልተሰጠው መጀመሪያ ሉፕባክ (ማሽኑ ውስጥ ብቻ ያለ ኢንተርፌስ) ላይ ያሉትን አድራሻዎች ያያል፣ ከእነሱ ትልቁን ይወስዳል። በ127 የሚጀምረውን አይቆጥረውም። ሉፕባክ ላይ ሌላ ከሌለ ከቀሩት ኢንተርፌሶች ሁሉ ትልቁን አድራሻ ይመርጣል።

በርድ የሚባለው ሌላው የታወቀ ሶፍትዌር ተቃራኒውን ያደርጋል። ከሉፕባክ ውጪ ካሉት ትንሹን ነው የሚወስደው። አንዱ ቦታ ኤፍአርአር፣ ሌላው ቦታ በርድ ካላችሁ «የትኛውን ይመርጥ ይሆን?» ብሎ መገመት ራስ ምታት ነው።

«ትልቁን አድራሻ» የሚለው ደንብ የዋህ ይመስላል። ችግሩን ላሳያችሁ። የነጋዴው ኔትወርክ በሙሉ በ10 የሚጀምሩ አድራሻዎችን ነው የሚጠቀመው እንበል። አንድ ቀን አጂፕ ያለው ማሽን ላይ ለመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ተብሎ ዶከር፣ ፕሮግራሞችን ለየብቻ ለይቶ የሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ ተጫነ። አጋሮም ላይ እንዲሁ። ዶከር ሲጫን በራሱ ድልድይ ይፈጥራል፤ የተለመደው አድራሻው 172.17.0.1 ነው። ሁሉም ማሽን ላይ ያው ነው። 172 ከ10 ስለሚበልጥ ሁለቱም ራውተሮች 172.17.0.1ን አይዲ አድርገው ሊይዙ ይችላሉ። የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያው ሊብቨርትም ያው ነው፤ የተለመደው አድራሻው 192.168.122.1 ስለሆነ ከሁሉም ይበልጣል።

ይህ ደግሞ ወዲያው አይታይም። የኤፍአርአር ኦኤስፒኤፍ አንዴ የያዘውን አይዲ በቀላሉ አይለቅም፤ መቀያየር ኔትወርክ ስለሚያናጋ እየሠራ ሳለ የድሮውን ይዞ ይቆያል። ዶከሩን የጫናችሁት ግንቦት ላይ ቢሆን ምንም አይሆንም። ሐምሌ ላይ ያ የጅማ ዝናብ ወርዶ መብራት ሲሄድ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ፣ አዲሱን አይዲ ይዞ ይነሳል። በዚያን ቀን ማንም ምንም አልነካም። ሁሉም ሰው መስመሩን ይጠረጥራል፣ ሞደሙን ይጠረጥራል፣ መብረቁን ይጠረጥራል።

መጀመሪያ ወረቀት

ኮምፒውተሩን ሳትነኩ ዝርዝር ጻፉ። ለአይዲ ብቻ የሚሆን አንድ ክልል ለዩ። እኔ 10.255.0.0 ከ24 ቢት ጋር እመርጣለሁ፤ ሌላ ቦታ ላይ ካልተጠቀማችሁበት ማለት ነው። ከዚያ ለመርካቶ 10.255.0.1፣ ለአጂፕ 10.255.0.2፣ ለአጋሮ 10.255.0.3። በቃ።

አንዳንዱ በቁጥሩ ውስጥ ከተማውን፣ ሕንፃውን፣ ፎቁን ሁሉ ሊያስገባ ይሞክራል። ለሦስት ራውተር አያስፈልግም። ሰቃና ሰርቦ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፈት 4 እና 5 ብላችሁ ትቀጥላላችሁ። ይልቅ ሁለት ነገር አትርሱ። የተበላሸ ራውተር ቁጥር ለሌላ ቦታ አይሰጥ፤ የተተካው ማሽን ራሱ ይውረሰው። መደርደሪያ ላይ ለክፉ ቀን የተቀመጠው መጠባበቂያ ማሽንም በዝርዝሩ ላይ የራሱ መስመር ይኑረው። ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቁጥሩን ሉፕባክ ላይ ማስቀመጥ

አይዲ አድራሻ መሆን የለበትም ብያለሁ። ቢሆን ግን ይመረጣል። ያንኑ ቁጥር ሉፕባክ ላይ እንደ እውነተኛ አድራሻ ካስቀመጣችሁት አንድ ጎረቤት ሲጠፋ አይዲውን አይታችሁ በቀጥታ ፒንግ ታደርጉታላችሁ። ሉፕባክ ኬብል ስለሌለው ማሽኑ በርቶ እስካለ ድረስ አይወርድም።

መጀመሪያ ኤፍአርአር ኦኤስፒኤፍን እንደሚያስነሳ አረጋግጡ። ኢቲሲ ማህደር ውስጥ ኤፍአርአር የሚል ማህደር አለ፤ በውስጡ «ዴመንስ» የሚባል ፋይል ታገኛላችሁ። ኦኤስፒኤፍዲ የሚለው መስመር «የስ» መባል አለበት። ዜብራ በራሱ ነው የሚነሳው። ለውጥ ካደረጋችሁ ኤፍአርአርን በሲስተምሲቲኤል ሪስታርት አድርጉት። እግረ መንገዳችሁን የኮንፊግ ፋይሉን ኮፒ አስቀምጡ።

ከዚያ ቪቲዋይኤስኤች ብላችሁ ወደ ኤፍአርአር የትዕዛዝ መስመር ግቡ። መርካቶ ላይ እንዲህ ነው፦

ኮንፊገር ተርሚናል
ኢንተርፌስ ኤልኦ
አይፒ አድረስ 10.255.0.1/32
ኤግዚት

ኤልኦ ማለት ሉፕባኩ ነው። 32 የሆነው ሉፕባክ ላይ ያለው አንድ ነጠላ አድራሻ ስለሆነ ነው። ሌላው ራውተር እንዲያውቀው ኦኤስፒኤፍ ውስጥ መግባት አለበት። ኮንፊጋችሁ በ«ኔትወርክ» መስመሮች የተሠራ ከሆነ በ«ራውተር ኦኤስፒኤፍ» ሥር «ኔትወርክ 10.255.0.1/32 ኤሪያ 0» የሚል ጨምሩ። ኢንተርፌስ ላይ በቀጥታ ኤሪያ (የኦኤስፒኤፍ ክፍል ቁጥር) በመስጠት የተሠራ ከሆነ ደግሞ በኤልኦ ሥር «አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኤሪያ 0» በሉ። ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ ኤፍአርአር አይቀበላችሁም።

አሁን አይዲው

ሁለት ቦታ መጻፍ ይቻላል። አንደኛው በዜብራ ደረጃ ነው፤ ለሁሉም ፕሮቶኮል ይሆናል። ሁለተኛው በፕሮቶኮሉ ውስጥ ነው፤ ይኼኛው ካለ ይኼኛው ያሸንፋል። እኔ ሁለቱንም ነው የምጽፈው። ድግግሞሽ ይመስላል። ነገር ግን ነገ ኮንፊጉን የሚከፍት ሌላ ባለሙያ የኦኤስፒኤፍን ክፍል ብቻ አይቶ አይዲው ምን እንደሆነ ያውቃል።

ኮንፊገር ተርሚናል
ራውተር-አይዲ 10.255.0.1
ራውተር ኦኤስፒኤፍ
ኦኤስፒኤፍ ራውተር-አይዲ 10.255.0.1
ኤንድ
ራይት ሜሞሪ

አዲስ ራውተር ከሆነ እዚህ ላይ አልቋል። የሚሠራ ራውተር ከሆነ ግን ትዕዛዙ ይገባል፣ ጎረቤት ስላለው ወዲያው አይተገበርም። ኤፍአርአር ራሱ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፦

ክሊር አይፒ ኦኤስፒኤፍ ፕሮሰስ

ይህን ስትጫኑ ጉርብትናው ሁሉ ፈርሶ እንደገና ይመሠረታል። በተለመደው ቅንብር ራውተሮች በየ10 ሰከንዱ ሰላምታ ይላላካሉ፤ 40 ሰከንድ ዝም ያለ ጎረቤት እንደሞተ ይቆጠራል። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ መቆራረጥ ይኖራል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ቡና በሚገባበት ሰሞን፣ በሥራ ሰዓት አትሞክሩት። መጋዘኑ ሲዘጋ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይሻላል።

የአጋሮውን ከርቀት የምትሠሩ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ። በሉፕባኩ አድራሻ ገብታችሁ ፕሮሰሱን ብትጠርጉ የገባችሁበት መንገድ ራሱ አብሮ ይጠፋል። ይልቅ መጀመሪያ መርካቶው ራውተር ላይ ግቡ። ከዚያ በመስመሩ የአጋሮ ጫፍ ላይ ባለው አድራሻ ወደ አጋሮው ተሻገሩ። ያ አድራሻ በቀጥታ የተገናኘ ስለሆነ ኦኤስፒኤፍ ቢኖርም ባይኖርም ይደረስበታል። ታክሲ ተራ ሄዶ የአጋሮ ሚኒባስ ከመያዝ ያድናል።

ማረጋገጥ

ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ

የመጀመሪያው መስመር አይዲውን ያሳያል። ከዚያ፦

ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔበር

መርካቶ ላይ ሆናችሁ 10.255.0.2ን እና 10.255.0.3ን ማየት አለባችሁ፤ ሁኔታቸውም «ፉል» የሚል፣ ማለትም ጉርብትናው ሙሉ በሙሉ የተመሠረተ። ብዙ ራውተሮች አንድ ስዊች ላይ ከተሰካኩ አንዳንዶቹ «ቱ-ዌይ» ላይ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ያ ጤናማ ነው። እንዲህ ያለ ስዊች ላይ አንዱ ራውተር ተወካይ ሆኖ ይመረጣል። ፕራዮሪቲያቸው እኩል ከሆነ ትልቅ አይዲ ያለው ያሸንፋል። መርካቶው ተወካይ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ለእሱ ትልቅ አይዲ እየፈለጋችሁ አትድከሙ፤ ፕራዮሪቲውን ከፍ አድርጉለት። ተወካዩ አንዴ ከተመረጠ በኋላ የተሻለ ቢመጣም በፈቃዱ ቦታ አይለቅም።

የድሮው አይዲ ራውተሮቹ የእርስ በርስ ማስታወቂያቸውን በሚያስቀምጡበት ዳታቤዝ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ በተለይ ማሽኑ በመብራት መጥፋት ድንገት ከወደቀ። አትደንግጡ። አንድ ማስታወቂያ ባለቤቱ ካላደሰው በ1 ሰዓት ውስጥ አርጅቶ ይወጣል። እስከዚያም መንገድ አያሳስትም።

ቀጥሎ ማሽኑን ሪቡት አድርጉት። አዎ፣ ሆን ብላችሁ። «ራይት ሜሞሪ» ተረስቶ ከሆነ ዛሬ ማታ እናንተ ባላችሁበት ይታወቅ።

አንድ አይዲ፣ ሁለት ራውተር

ይህ የሚመጣው ባብዛኛው በኮፒ ነው። የመርካቶውን ኮንፊግ ወደ አዲሱ ማሽን ገልብጦ አድራሻዎቹን ቀይሮ አይዲውን መርሳት። ወይም ዲስኩን እንዳለ ክሎን ማድረግ። ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ያላችሁ ተማሪዎች ላፕቶፕ ላይ አንድ ቨርቹዋል ማሽን ሠርታችሁ አራት ጊዜ ስታባዙ የሚገጥማችሁም ይኸው ነው። መጠባበቂያው ማሽን ዝርዝሩ ላይ ይኑር ያልኩትም ለዚህ ነው። ዋናው ተጠግኖ ሲመለስ መጠባበቂያው ሳይነቀል ሁለቱ አብረው የሚነሱበት ቀን አለ።

ሁለቱ ራውተሮች ፊት ለፊት የተገናኙ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። አንዱ የሌላውን ሰላምታ የራሱ ማስተጋባት መስሎት ይጥለዋል። ጉርብትና አይመሠረትም፤ ቶሎ ትደርሱበታላችሁ።

አስቸጋሪው በመካከላቸው ሌላ ራውተር ሲኖር ነው። አጂፕና አጋሮ ሁለቱም 10.255.0.3 ናቸው እንበል። ሁለቱም ከመርካቶ ጋር ብቻ ነው የሚነጋገሩት፤ ሁለቱም «ፉል» ይላሉ። አጋሮ «እኔ 10.255.0.3 ነኝ፤ መስመሮቼ እነዚህ ናቸው» ብሎ ማስታወቂያ ያወጣል። ማስታወቂያው በመርካቶ በኩል አጂፕ ይደርሳል። አጂፕ ያያል፤ ስሙ የእሱ ነው፣ ይዘቱ ግን የእሱ አይደለም። «ይሄ የኔ የድሮ ማስታወቂያ መሆን አለበት» ብሎ ተራ ቁጥሩን አንድ ጨምሮ የራሱን ያወጣል። ያ ደግሞ አጋሮ ይደርሳል። አጋሮም እንዲሁ። ማብቂያ የለውም። መርካቶ መሀል ቁጭ ብሎ አንዴ የአጋሮን፣ አንዴ የአጂፕን ያምናል። ሠራተኞቹ የሚያዩት «አጂፕ ሲሠራ አጋሮ ይጠፋል፣ አጋሮ ሲመጣ አጂፕ ይሄዳል» የሚል ነገር ነው።

መርካቶው ራውተር ላይ ሁለት ምልክት ፈልጉ። አንደኛ፣ የጎረቤት ዝርዝሩ ላይ በሁለት የተለያዩ ኢንተርፌሶች አንድ ዓይነት አይዲ ይታያል። ወደ አንድ ራውተር ሁለት መስመር ካላችሁ ይህ በትክክልም ሊሆን ስለሚችል ኢንተርፌሶቹ ወዴት እንደሚሄዱ እዩ። ሁለተኛው አያሳስትም፦

ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ዳታቤዝ

«ኤጅ» የሚለው ዓምድ የማስታወቂያውን ዕድሜ በሰከንድ ያሳያል። ኔትወርኩ ላይ ለውጥ ከሌለ አንድ ማስታወቂያ የሚታደሰው በየ30 ደቂቃው ነው። ስለዚህ ዕድሜው በመቶዎች፣ እስከ 1800 ድረስ መሄድ አለበት። የአንዱ ብቻ ሁልጊዜ ከጥቂት ሰከንድ የማያልፍ ከሆነ፣ አጠገቡ ያለው ተራ ቁጥርም ትዕዛዙን በደገማችሁ ቁጥር የሚጨምር ከሆነ፣ ሁለት ባለቤት አለው ማለት ነው። መስመር እየተቆራረጠም ተራ ቁጥር ይጨምራል፤ ያኔ ግን ጎረቤቱ ራሱ ሲወድቅና ሲነሳ ሎግ ላይ ታዩታላችሁ። በአይዲ መደራረብ ጊዜ ጎረቤቶቹ «ፉል» እንዳሉ ናቸው።

መፍትሔው አንዱን ቀይሮ ፕሮሰሱን መጥረግ ነው። የቱን? በዝርዝሩ ላይ ያ ቁጥር የማይገባውን። ዝርዝር ከሌላችሁ አሁን ትጽፋላችሁ።

ቢጂፒ ካላችሁ

ከኢንተርኔት አቅራቢ ጋር ወይም በቅርንጫፎች መካከል ቢጂፒ የሚባለውን ሌላ የመንገድ መለዋወጫ ፕሮቶኮል የምትጠቀሙ ከሆነ ትዕዛዙ ተመሳሳይ ነው። 64512 ለግል አገልግሎት ከተለዩት የኤኤስ (በአንድ አስተዳደር ሥር ያለ ኔትወርክ) ቁጥሮች አንዱ ነው።

ራውተር ቢጂፒ 64512
ቢጂፒ ራውተር-አይዲ 10.255.0.1

ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። ኦኤስፒኤፍ ፕሮሰሱን እስክትጠርጉ ይጠብቃችኋል። ቢጂፒ አይጠብቅም። ኢንተር በተጫነበት ቅጽበት ያሉት ግንኙነቶች ሁሉ ተቋርጠው እንደገና ይጀምራሉ። ኤኤስ ውስጥ ሁለት ራውተሮች አንድ አይዲ ከያዙ ግንኙነቱ ሲከፈት «የማይሆን የቢጂፒ መለያ» በሚል ስህተት ይዘጋል። ሌላም አለ። ሁለት መንገዶች በሁሉም ነገር እኩል ሲሆኑ ቢጂፒ ከመጨረሻዎቹ መለያያዎች አንዱ አድርጎ የሚያየው አይዲን ነው፤ ትንሹ ያሸንፋል። ስለዚህ አይዲ ቀይራችሁ ትራፊኩ ወደ ሌላኛው መስመር ቢሄድ አትገረሙ።

በርድ ላይ

አጭር ነው። ከኮንፊግ ፋይሉ አናት ላይ «ራውተር አይዲ 10.255.0.2;» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ነጠላ ሰረዝ ከነጥብ ጋር ያላት ምልክት እንዳትረሳ። ከዚያ በበርድሲ፣ በበርድ የትዕዛዝ መስጫ፣ «ኮንፊገር ቼክ» ብላችሁ ስህተት እንደሌለው ታያላችሁ።

በርድ ላይ የምወደው አንድ ነገር አለ። «ኮንፊገር ታይምአውት» ብትሉ አዲሱን ኮንፊግ ይሞክርና በ300 ሰከንድ ውስጥ «ኮንፊገር ኮንፈርም» ካላላችሁት በራሱ ወደ ድሮው ይመለሳል። ከርቀት ለሚሠራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። አይዲው መቀየሩን «ሾው ስቴተስ» ያሳያችኋል።

ሦስቱም ራውተሮች ካለቁ በኋላ በእያንዳንዱ ማሽን ፊት ላይ አይዲውን በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ላዩ ላይ ፕላስተር አድርጉበት፣ እርጥበቱ ያጠፋዋል። የመጠባበቂያው ማሽን ላይ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን «ዋናው ሳይነቀል አይሰካ» የሚል ጨምሩ።